ስቴሽነሪ ራንደም ሲግናል በሊኒየር ሲስተም ውስጥ ሲያልፍ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ድሬዳዋ ውስጥ የኢንጂነሪንግ ተማሪዎችን ማስጠናት ከጀመርኩ ቆየሁ። ሁሉም የሚንገዳገዱት አንድ ቦታ ላይ ነው። እስከዚያ ድረስ የለመዱት ሲግናል ሳይን ነው፣ ካሬ ሞገድ ነው። ቀመር አለው። ድንገት ቀመር የሌለው ሲግናል ይመጣና "ሲስተሙ ውስጥ አልፎ ምን ሆኖ ይወጣል?" ይባላሉ። "አቦ፣ የገባውን ሳላውቅ የሚወጣውን ከየት ላምጣ?" ይሉኛል። ጥያቄው ትክክል ነው። ከታች ያሰባሰብኩት ይህንና አብረውት የሚመጡትን ነው። አንዳንዱ መልስ ይረዝማል፣ አንዳንዱ በሁለት መስመር ያልቃል።

ስቴሽነሪ ስትል የደብተር መሸጫውን ነው?

ይህ ቀልድ በየዓመቱ ይነሳል፤ አንዴ ሳቁና እንቀጥል። እዚህ ቃሉ "ባለበት የሚቆይ" ማለት ነው። የሚቆየው ግን ሲግናሉ አይደለም፤ ጠባዩ ነው።

የቬንቲሌተር ድምፅ አስቡ። በግንቦት ሙቀት ድሬ ላይ ያለ ቬንቲሌተር መተኛት ከባድ ነው፣ ስለዚህ ድምፁን ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን። ያ "ሽሽሽ" በየቅጽበቱ ይለያያል። ማይክሮፎን ብትደቅኑበት ከአንድ ሺኛ ሰከንድ በኋላ ቮልቴጁ ስንት እንደሚሆን ማንም አይነግራችሁም። ግን ከምሽቱ 3 ሰዓት አንድ ደቂቃ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሌላ አንድ ደቂቃ ቀድታችሁ ብታሰሙኝ፣ የትኛው የየትኛው ሰዓት እንደሆነ መለየት አልችልም። ስቴሽነሪ ማለት ይኸው ነው። ሲግናሉን ሰምቶ ሰዓቱን ማወቅ አይቻልም።

ለሥራ የሚያስፈልገን ከዚህ ላላ ያለው ትርጉም ነው፤ ሁለት ነገር ብቻ ይጠይቃል። አማካዩ በጊዜ አይለወጥ። ኦቶኮሪሌሽኑ ደግሞ በሁለት ቅጽበቶች መካከል ባለው ርቀት ላይ ብቻ ይመሥረት፤ ሰዓቱ ስንት ስለሆነ አይለወጥ።

ኦቶኮሪሌሽን በቀላል አማርኛ ምንድን ነው?

ሲግናሉ ራሱን እስከ መቼ ያስታውሳል የሚለው ነው። አሁን ያለውን ዋጋ ጥቂት ቆይቶ ከሚኖረው ዋጋ ጋር ታባዛላችሁ። ይህን ደጋግማችሁ የብዜቶቹን አማካይ ትወስዳላችሁ። ርቀቱ ዜሮ ሲሆን ዋጋው ከራሱ ጋር ነው የሚባዛው፤ ስለዚህ የሚወጣው አማካይ ኃይሉ ነው። ርቀቱ ሲጨምር ብዜቱ እየደከመ ከሄደ ሲግናሉ እየረሳ ነው ማለት ነው። የቬንቲሌተሩ ነፋስ ቶሎ ይረሳል። የክፍል ሙቀት ግን ቀስ ብሎ ነው የሚረሳው፤ አሁን ከሞቀ ከአምስት ደቂቃ በኋላም መሞቁ አይቀርም።

ኦቶኮሪሌሽኑን በፉሪየር ትራንስፎርም (በፍሪኩዌንሲ ለይቶ በሚበትነው ስሌት) ወደ ፍሪኩዌንሲ ስትወስዱት የኃይል ስፔክትረም ይሆናል። ኃይሉ በየፍሪኩዌንሲው እንዴት እንደተከፋፈለ የሚያሳይ ካርታ በሉት። የሒሳብ ሊቃውንቱ ዊነር እ.ኤ.አ. በ1930፣ ኪንቺን ደግሞ በ1934 ያቆሙት ቲዎረም ነው፤ ስሙም የሁለቱ ነው።

ለምን ሲግናሉን ራሱን ፉሪየር አናደርገውም ትላላችሁ። ስቴሽነሪ ሲግናል መጀመሪያም መጨረሻም የለውም፣ አይሞትም። ጠቅላላ ጉልበቱ ወሰን ስለሌለው በተለመደው መንገድ ትራንስፎርም የለውም። ኦቶኮሪሌሽኑ ግን አብዛኛውን ጊዜ እየደከመ ስለሚሄድ ይመቻል።

ሲስተሙስ ምን ማሟላት አለበት?

ሁለት ነገር። ሊኒየር ይሁን፤ የሰጣችሁትን እጥፍ ብታደርጉት የሚመልሰውም እጥፍ ይሁን፣ ሁለት ሲግናል ደርባችሁ ብትሰጡት የሁለቱን መልስ ደርቦ ይስጥ። ታይም ኢንቫሪያንት ይሁን፤ ዛሬ የመለሰውን ለዚያው ግብዓት ነገም ይመልስ።

የሠርግ ድንኳን ስፒከር ሁለቱንም ሲጥስ ሰምታችኋል። ቮልዩሙ እስከ ጥግ ሲከፈት ድምፁ ይቆረጣል፣ ይንጫረራል። ያኔ ሊኒየር መሆኑ ቀረ። አንዱ ደግሞ መጥቶ ቮልዩሙን ከፍ ዝቅ ሲያደርግ ታይም ኢንቫሪያንት መሆኑ ቀረ። ቮልዩሙ ባለበት ከተቀመጠና ካልተጋነነ ግን ያው ስፒከር ጨዋ ነው።

እሺ፣ የገባውን ሳላውቅ የሚወጣውን እንዴት አውቃለሁ?

ሞገዱን አታውቁትም። በጭራሽ። የምታውቁት ጠባዩን ነው፤ የገባውን ጠባይ ካወቃችሁ የወጣውን ጠባይ በትክክል ታወጣላችሁ። ግምት አይደለም፣ ስሌት ነው።

በቬንቲሌተሩ ላሳያችሁ። ክፍሉ ውስጥ እየሠራ ወጥታችሁ በሩን ዝጉ። ድምፁ አልጠፋም፣ ግን ተለወጠ። "ሽሽሽ" የሚለው ቀርቶ "ሁምምም" የሚል የታፈነ ነገር ነው የሚሰማው። በሩ ሲስተም ነው። ዝቅተኛውን ፍሪኩዌንሲ በመጠኑ ያሳልፋል፣ ከፍተኛውን ያፍናል። አንዲት ተማሪዬ ይህን ስነግራት ተነሥታ በሩን ሦስት ጊዜ ከፍታ ዘጋች። ከዚያ "በሩ የትኛው 'ሽ' እንደመጣበት አያውቅም፤ ሁሉንም እኩል ነው የሚያስተናግደው" አለች። ከእኔ አገላለጽ የእሷ ይሻላል።

አሁን በቁጥር። በሩ 200 ኸርዝ ላይ ቮልቴጁን በግማሽ ይቀንሳል እንበል፤ 4,000 ኸርዝ ላይ ደግሞ ወደ አንድ ሃያኛ ያወርደዋል። የወጣው የኃይል ስፔክትረም 200 ኸርዝ ላይ የገባው አንድ አራተኛ ይሆናል። 4,000 ኸርዝ ላይ አንድ አራት መቶኛ። ሕጉ በቃል ሲነገር፣ የወጣው ስፔክትረም የገባው ስፔክትረም በሲስተሙ ጌይን (የገባውን ስንት እጥፍ አድርጎ እንደሚያወጣ) ካሬ ተባዝቶ ነው፣ ለየፍሪኩዌንሲው። ጠቅላላውን ኃይል ከፈለጋችሁ ከስፔክትረሙ ሥር ያለውን ስፋት ኢንቴግሬት አድርጉት። የዚህ ትምህርት ግማሹ እዚህ አለ ማለት እችላለሁ።

ካሬው ከየት መጣ?

ኃይል ማለት ሲግናሉ ከራሱ ጋር ተባዝቶ ነው። ሁለት ቅጂ አለ፤ ሁለቱም በሲስተሙ ውስጥ አልፈዋል፤ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ጌይን ይዘው መጥተዋል። አንድ ጊዜ አንድ ከነበረ ካሬ ሆነ። በጊዜ በኩል ካያችሁት ኦቶኮሪሌሽኑ ሁለት ጊዜ ኮንቮሉሽን (እያንሸራተቱ ማባዛትና መደመር) ይደረጋል፤ አንዴ ከኢምፐልስ ሪስፖንሱ (ሲስተሙ ለአንዲት ቅጽበታዊ ምት ከሚሰጠው መልስ) ጋር፣ አንዴ ጊዜው ከተገለበጠው ከዚያው ጋር።

ፈተና ላይ ነጥብ የሚያስጥለው ቁጥር አንድ ስህተት ይህ ነው። ጌይኑ 3 ነው ይላሉ፣ ስፔክትረሙን በ3 ያባዛሉ። በ9 ነው።

ፌዙስ የት ገባ?

ፌዝ ማለት ሲስተሙ የየፍሪኩዌንሲውን ሞገድ ምን ያህል እንደሚያንሸራትተው ነው። እሱ ጠፋ። ካሬው በልቶታል። ጌይናቸው አንድ ዓይነት፣ ፌዛቸው የተለያየ ሁለት ፊልተሮች ከአንድ ግብዓት አንድ ዓይነት ስፔክትረም ይሰጣሉ። ስለዚህ የወጣውን ስፔክትረም ብቻ አይቶ ፌዙን ማወቅ አይቻልም። ፌዙን ከፈለጋችሁ የገባውንና የወጣውን አንድ ላይ ማየት አለባችሁ። ከታች እመለስበታለሁ።

አማካዩ ምን ይሆናል?

በዜሮ ፍሪኩዌንሲ ጌይን ይባዛል፤ እዚህ ካሬ የለም። አምፕሊፋየር መግቢያ ላይ በተርታ የሚገባው ካፓሲተር ዜሮ ፍሪኩዌንሲ አያሳልፍም። ስለዚህ ማይክሮፎኑ 2 ቮልት ላይ ተቀምጦ ቢንቀጠቀጥም ከካፓሲተሩ ወዲያ አማካዩ ዜሮ ነው።

የወጣው ሁልጊዜ ስቴሽነሪ ነው?

ሲስተሙ ስቴብል ከሆነና (ወሰን ላለው ግብዓት ወሰን ያለው መልስ ከሰጠ) ከጀመረ ከቆየ፣ አዎ። ልክ ሲበራ ግን አይደለም። 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተርና 1 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር ያለው ፊልተር ታይም ኮንስታንቱ (በምን ፍጥነት እንደሚረሳ የሚለካው ጊዜ) 10 ሚሊ ሰከንድ ነው። ባዶ ካፓሲተር ላይ ኖይዝ ስትለቁ የውጤቱ መወዛወዝ ከዜሮ ተነሥቶ ቀስ በቀስ ያድጋል። ከ50 ሚሊ ሰከንድ በኋላ የመነሻው ትዝታ ከ1 በመቶ በታች ይወርዳል፤ ከዚያ ወዲህ ያለውን እንደ ስቴሽነሪ ያዙት። ዳታ ስትሰበስቡ የመጀመሪያዋን ቁራጭ መጣል የሚባለው ለዚህ ነው።

ስቴብል ካልሆነስ? የገባውን ሁሉ እየደመረ የሚሄድ ኢንቴግሬተር ሊኒየርም ታይም ኢንቫሪያንትም ነው። ነጭ ኖይዝ (በሁሉም ፍሪኩዌንሲ እኩል ኃይል ያለው ራንደም ሲግናል) ስጡት። የሚወጣው መንገድ እንደጠፋበት ሰው ወዲህ ወዲያ ይንከራተታል፤ ቫሪያንሱም (ከአማካዩ የሚርቅበት መጠን ካሬ አማካይ) ከጊዜው ጋር እኩል እያደገ ይሄዳል። መቼም አይረጋም።

ነጭ ኖይዝ በእውነት አለ?

ፍጹም የሆነው የለም። በሁሉም ፍሪኩዌንሲ እኩል ኃይል ካለው ጠቅላላ ኃይሉ ወሰን የለውም፤ እንዲህ ያለ ነገር በዓለም ላይ አይገኝም። እኛ በምንሠራበት ባንድ ውስጥ ጠፍጣፋ ከሆነ ግን ነጭ እንለዋለን፣ ሒሳቡም ይሠራል። ከላይ ያለው ፊልተር የመቁረጫ ፍሪኩዌንሲው 16 ኸርዝ ገደማ ነው። ነጭ ኖይዝ ሲገባበት ግን 25 ኸርዝ ስፋት ያለው ፍጹም ፊልተር የሚያሳልፈውን ያህል ኃይል ያሳልፋል፤ ጠርዙ ተዳፋት ስለሆነ ትርፉ ከዚያ ይሾልካል።

ሴንሰሬ ይዘላል፤ አማካይ ብወስድ ምን ያህል ይረጋል?

ይህ ጥያቄ ፕሮጀክት ሲደርስ ይበዛል። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የሙቀት ሴንሰር ያስራሉ፣ ከአርዱዊኖ (ፕሮግራም ከሚደረግ ትንሽ ሰርኪዩት ቦርድ) ጋር ያገናኛሉ፣ ቁጥሩ እየዘለለ ያስቸግራል። ቀላሉ መላ ይህ ነው፦ አዲሱ ግምት የቀድሞው ግምት በ0.9፣ ሲደመር አሁን የተነበበው በ0.1። አንድ መስመር ኮድ ነው።

ኖይዙ ነጭ ከሆነ ቫሪያንሱ 0.1 ሲካፈል ለ1.9፣ ማለትም ወደ አንድ አሥራ ዘጠነኛ ይወርዳል። ዝላዩ ራሱ በ4.4 ገደማ ይቀንሳል። በነፃ የተገኘ ግን አይደለም፤ ሙቀቱ እውነት ሲለወጥ ግምታችሁ ዘግይቶ ነው የሚደርሰው።

ወጥመዱ ቀጥሎ ይመጣል። አንዱ ተማሪ ያለሰለሰውን ዳታ 100 ናሙና ወስዶ እንደገና አማካይ አወጣ፤ "መቶ ናሙና ስለሆነ ስህተቴ በ10 ቀነሰ" አለኝ። አልቀነሰም። የለሰለሱት ናሙናዎች ጎረቤታሞች ናቸው፤ አንዱ ከቀጣዩ ጋር 0.9 ይዛመዳል። መቶዎቹ ራሳቸውን የቻሉ 6 ናሙናዎችን እንኳ በቅጡ አያክሉም። አንድን ወሬ ከአንድ ሠፈር መቶ ሰው ሰምቶ መቶ ምስክር አገኘሁ እንደማለት ነው። ስህተቱን መገመት ካለበት ከጥሬው ዳታ መነሣት ነበረበት።

ጋውሲያን ከገባ ጋውሲያን ይወጣል?

ይወጣል። ጋውሲያን ማለት የዋጋዎቹ ስርጭት የደወል ቅርጽ ያለው ማለት ነው። ሌላ ዓይነት ከገባ ግን ቅርጹ በአብዛኛው ይለወጣል፤ ፊልተሩ ብዙ ናሙና የሚደምር ከሆነ ወደ ጋውሲያን ይጠጋል።

አንድ ጊዜ ብቻ ቀድቼ ስለ ሁሉም መናገር እችላለሁ?

ሲግናሉ ኤርጎዲክ ከሆነ። ስቴሽነሪ መሆን ብቻ አይበቃም፤ ሁለቱን አንድ የሚያደርግ ብዙ ሰው አለ።

ከፊራ ገበያ ግቡ። የአንዱ ሚዛን ሁልጊዜ 20 ግራም ያበዛል እንበል፣ የሌላው ሁልጊዜ 35 ግራም ያጎድላል፣ የሦስተኛው ልክ ነው። የእያንዳንዱ ስህተት በጊዜ አይለወጥም፤ ጠዋትም ማታም ያው ነው። ስቴሽነሪ ነው። ግን አንዱ ሚዛን ላይ ቀኑን ሙሉ ቆማችሁ ሺህ ጊዜ ብትመዝኑ ስለዚያ ሚዛን እንጂ ስለ ከፊራ ሚዛኖች አማካይ ምንም አታውቁም። ያንን ለማወቅ ከሚዛን ሚዛን መዞር አለባችሁ። ኤርጎዲክ ቢሆን ኖሮ አንዱ ጋ ረጅም ጊዜ መቆም ሁሉን እንደመዞር ይቆጠር ነበር። የቬንቲሌተሩ ኖይዝ ይህን በደንብ ያሟላል። ቋሚ ግን የማይታወቅ መዛባት ያለበት ማንኛውም ነገር አያሟላም።

በኖይዝ ሲስተም መለካት ይቻላል የሚሉት እውነት ነው?

እውነት ነው፤ ከዚህ ሁሉ እኔ የምወደውም ይህን ነው። ነጭ ኖይዝ በስፒከር ትለቃላችሁ፣ በማይክሮፎን ትቀዳላችሁ፣ የወጣውን ከገባው ጋር ክሮስ ኮሪሌሽን (እንደ ኦቶኮሪሌሽን፣ ግን በሁለት ሲግናሎች መካከል) ታደርጋላችሁ። የሚመጣው የክፍሉ ኢምፐልስ ሪስፖንስ ነው፣ በኖይዙ ኃይል ተባዝቶ። ፌዙም አብሮ ይመጣል፤ እዚህ ካሬ የለማ። ከሁሉ የሚገርመው ውጭ ባጃጅ ቢያልፍ፣ ጎረቤት ቢያወራ፣ ከለቀቃችሁት ኖይዝ ጋር ዝምድና ስለሌለው ረጅም ሲቀዳ በአማካዩ እየሟሸሸ ይሄዳል።

እኔ መጀመሪያ ስሞክረው ግን አልሆነም። የቀዳሁት በስልኬ ነበር። በሩ ተከፍቶም ተዘግቶም ውጤቱ ሊቀራረብ ምንም አልቀረው፤ ሁለት ከሰዓት በኋላ ኮዴን ስመረምር አለፈ። ለካ ስልኩ ድምፁ ሲቀንስ ራሱ ጌይኑን ይጨምራል፣ ይባስ ብሎ "ሽሽሽ" ሲሰማ ረባሽ ነው ብሎ ያጠፋዋል። ቮልዩሙን የሚነካካ ሰው ስልኩ ውስጥ ተቀምጧል ማለት ነው። የድምፅ ማስተካከያውን የሚዘጋ መቅጃ አፕ ስጠቀም ወዲያው ተስተካከለ። በስልክ የምትሞክሩ መጀመሪያ ይህንን አጥፉ።

ሲግናሉ ስቴሽነሪ ካልሆነስ?

የድሬን ወንዝ ደቻቱን እዩ። ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል አሸዋ ነው፤ ሰው ወዲያና ወዲህ ይሻገርበታል። ከበላይ ያለው ደጋ ላይ ዝናብ ሲጥል ግን ድሬ ላይ ጠብ ሳይል ጎርፉ ይደርሳል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ ሊያልቅ ሲል በሌሊት የመጣውን የድሬ ሰው አይረሳውም። ከዚያ ሌሊት በፊት የነበሩትን ደረቅ ወራት ለክቶ አማካይና ስፔክትረም ያወጣ ሰው ወረቀቱ ላይ የሚያየው ወደ ዜሮ የተጠጋ ጸጥ ያለ መስመር ነው። ስሌቱ ልክ ነው፤ ስቴሽነሪ ነው የሚለው መነሻው ነው የተሳሳተው። መሬቱም ሊኒየር አይደለም። ደረቅ አፈር የመጀመሪያውን ዝናብ ይጠጣል፣ የጠገበው ደግሞ ሁሉንም ይለቃል።

የከፋ ባልሆነ ጊዜ መላ አለው። የሰው ንግግር ስቴሽነሪ አይደለም፤ ግን በ20 ወይም 30 ሚሊ ሰከንድ ቁራጭ ከተቆረጠ ለእያንዳንዱ ቁራጭ ስቴሽነሪ ነው ብሎ መሥራት ይቻላል። የቀን ሙቀት በየ24 ሰዓቱ ይወጣል ይወርዳል። የየሰዓቱን አማካይ ቀንሳችሁ የተረፈውን ብትወስዱ ብዙ ጊዜ ይቀርባል። ከመሥራታችሁ በፊት ዳታውን ለሁለት ክፈሉና የሁለቱን አማካይና ቫሪያንስ አስተያዩ። በሰፊው ከተለያዩ እዚያው ቁሙ።

ድሬ ስለሚሞቅ ሰርኪዩት ከሐረር ይልቅ እዚህ ይጮኻል?

ሳቅ ያስነሣል እንጂ ጥሩ ጥያቄ ነው። ማንኛውም ሬዚስተር በሙቀቱ ምክንያት ኖይዝ ያመነጫል። ጆንሰን ለካው፣ ናይክዊስት ቲዎሪውን ሠራለት፣ ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ1928 አሳተሙ። ኃይሉ ከፍጹማዊ ሙቀት ጋር እኩል ያድጋል፤ ቁም ነገሩ "ፍጹማዊ" የሚለው ላይ ነው፣ ከዜሮ ኬልቪን ነው የሚቆጠረው።

ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሐረር 1,885 ገደማ ላይ። ከሰዓት በኋላ እዚህ 35 ዲግሪ፣ እዚያ 20 ዲግሪ ነው እንበል። በኬልቪን 308 እና 293። ልዩነቱ በኃይል 5 በመቶ ነው። 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር በ20 ኪሎ ኸርዝ ባንድ ውስጥ ድሬ ላይ 1.84 ማይክሮ ቮልት፣ ሐረር ላይ 1.80 ይሰጣል። ጆሮ አይለየውም። ሬዲዮናችሁ ካልጠራ አንቴናውን እዩ።

"ሬዚስተሩን ባሳድግስ?" ይላሉ ቀጥለው። ካፓሲተር ያለበት ፊልተር ከሆነ ነገሩ ያስገርማል። ሬዚስተሩ ሲያድግ ኖይዙ በየኸርዙ ይጨምራል፤ ባንዱ ግን በዚያው መጠን ይጠባል። ሁለቱ ይጣፋሉ። 1 ፒኮ ፋራድ ካፓሲተር በ300 ኬልቪን 64 ማይክሮ ቮልት ገደማ ይዞ ይቀመጣል፤ ሬዚስተሩ 10 ኪሎ ኦም ይሁን 1 ሜጋ ኦም ቁጥሩ ንቅንቅ አይልም።